ስለ 2020 ጉዟችሁ፣ ስለ ቀብዳችሁና ስለሚቀጥለው ዓመት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ዲሴምበር 18 ቀን 2020

ለውድ ደንበኞቻችን

ጤና ይስጥልን። እናንተም ቤተሰቦቻችሁም በደህና እንደከረማችሁ ተስፋ እናደርጋለን። በዚህ ዓመት ሐዘን የደረሰባችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ከሁሉ አስቀድሞ መጽናናቱን ይስጣችሁ እንላለን።

ባለፈው እሑድ የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም የ2020 ውድድር ዘመን አቡ ዳቢ ላይ ተጠናቋል። የመኪና ውድድሮችን በቦታው ተገኝታችሁ ለማየት በእኛ በኩል ጉዞ ይዛችሁ ቀብድ የከፈላችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ “ገንዘባችን የት ደረሰ?” ብላችሁ ስትጠይቁን የሰጠናችሁ መልስ ቁርጥራጭ ነበር። አንዱን ዛሬ እንነግራችኋለን፣ ሌላውን ከወር በኋላ፤ አንዳንዴም ሰኞ የነገርናችሁ ሐሙስ ይለወጣል። አሁን ከፊታችን የቀረ የዘንድሮ ውድድር ስለሌለ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በአንድ ደብዳቤ ልናስረዳችሁ ወደድን። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለእኛ ሁሉም ነገር የጀመረው በአንድ የስልክ ጥሪ ነው። ዓርብ ማርች 13 ቀን፣ አሥራ አንድ ደንበኞቻችን ለመጀመሪያው ውድድር ሜልበርን ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት የማክላረን ቡድን አንድ ባልደረባው በኮሮና መያዙ ስለተረጋገጠ ከውድድሩ ወጥቷል። በማግሥቱ ጠዋት ግን ተመልካቹ ትኬቱን ይዞ ውድድሩ በሚካሄድበት በአልበርት ፓርክ በር ላይ ተሰልፎ ነበር፤ የመጀመሪያው ልምምድ ሊጀመር ጥቂት ሰዓት ነው የቀረው። አንዲት ደንበኛችን ከሰልፉ መሐል ደወለችልን። “በሩ አልተከፈተም፤ ሰዉ ግን እየጨመረ ነው፤ ምን እናድርግ?” አለችን። ከኋላዋ የድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ምን እንደሚል ግን አይለይም። እሷ በሩ ፊት ቆማ እኛን ትጠይቃለች፤ እኛ ደግሞ ቢሮ ተቀምጠን ድምፅ ማጉያው ምን እንደሚል እሷን እንጠይቃለን። ብዙም ሳይቆይ ውድድሩ መሰረዙ ተነገረ። አሥራ አንዱንም የበረራ ቀናቸውን እያስቀየርን በአራት ቀን ውስጥ ወደየቤታቸው መለስናቸው። ለዚያ የወጣውን ልዩነት የከፈልነው እኛ ነን፤ ማንንም አንጠይቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ የእናንተንም የእኛንም ዕጣ ሲወስኑ የከረሙት ሦስት አነጋገሮች ናቸው፦ “ተሰረዘ”፣ “ተራዘመ” እና “ያለ ተመልካች ይካሄዳል”። ትኬት ለቆረጠ ሰው ሦስቱም ያው ናቸው፤ አይሄድም። ለገንዘቡ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ብዙዎቻችሁ “ጓደኛዬ በአንድ ወር ተመለሰለት፣ የእኔ ለምን ስድስት ወር ፈጀ?” ያላችሁን በዚህ ምክንያት ነው።

“ተሰረዘ” የሚለው ዜና እጅግ ቢያሳዝንም ለሥራችን ቀላሉ ነበር። የሞናኮው ውድድር ማርች 19 ቀን ቁርጡ ታወቀ። ከ1955 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይታጎል የኖረ ውድድር ነው፤ ዜናውን ስናነብ ለጊዜው ማመን አቅቶን ነበር። ነገር ግን ቃሉ ቁርጥ ስለሆነ የትኬቱ ገንዘብ ያለ ክርክር ተመለሰልን፤ እኛም ለእናንተ መለስን።

“ተራዘመ” ግን ልብ አንጠልጣይ ነው። ውድድሩ ሌላ ቀን ይደረጋል ማለት ስለሆነ ትኬቱ እንደጸና ይቆጠራል፤ ገንዘቡን የያዘው ወገንም “ትንሽ ጠብቁ” ይላል። የካናዳው ውድድር ኤፕሪል 7 ቀን ተራዘመ ተባለ፤ መቅረቱ የታወቀው ከአሜሪካ፣ ከሜክሲኮና ከብራዚል ጋር ጁላይ 24 ቀን ነው። አዘርባጃን በማርች ተራዝሞ በጁን ተሰረዘ። ከሁሉ የከፋው ቬትናም ነበር። የሀገሪቱ የመጀመሪያው ግራንድ ፕሪ (የፎርሙላ ዋን ውድድር) ስለነበር ከእናንተ ብዙዎች “ታሪክ ሲጀመር እንገኝ” ብላችሁ ቀድማችሁ ነበር የያዛችሁት። ማርች 13 ቀን ተራዘመ፤ መሰረዙ በይፋ የተነገረው ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ገንዘባችሁ እኛም ልንነካው፣ እናንተም ልትወስዱት የማትችሉት ቦታ ተቀመጠ። በእነዚያ ወራት ስትደውሉልን “ገና ነው” ከማለት ሌላ መልስ አልነበረንም፤ ይህን ስንል ምን ያህል እንደምናፍር ግን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር።

“ያለ ተመልካች ይካሄዳል” የሚለውን ደግሞ እኛ ራሳችን በቅጡ አልተዘጋጀንበትም። የአሜሪካው የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር ከሜይ ወደ ኦገስት 23 ሲዛወር ደስ ብሎን ነበር። በመጀመሪያ ግማሽ ተመልካች ይገባል ተባለ፤ ከዚያ ሩብ፤ ኦገስት 4 ቀን ደግሞ ማንም አይገባም ተባለ። ከጁን ወደ ሴፕቴምበር የተዛወረው የፈረንሳዩ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርም እንዲሁ ባዶ ሜዳ ላይ ተካሄደ። ትኬቱ በእነዚህ ጊዜም ይመለሳል። ሆቴሉ ግን? እንግሊዝ ውስጥ ለሚካሄደው የሲልቨርስቶን ውድድር ክፍሎች የያዝንበት አንድ ሆቴል ኃላፊ በስልክ የነገሩን ቃል እስካሁን ይታወሰናል። “ውድድሩ ተካሂዷል፤ ክፍሎቹም ክፍት ናቸው። ውሉ ላይ ስለ ተመልካች የተጻፈ ነገር አለ?” አሉን። ውሉን አውጥተን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። አንድም ቃል የለበትም። እሳቸው እውነታቸውን ነበር። ኢንሹራንሳችንም ወረርሽኝን አይሸፍንም ተባልን፤ ያም በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ኖሯል። እነዚህን ውሎች የፈረምነው እኛ ስለሆንን፣ በዚህ በኩል የቀረውን ጉዳት ወደ እናንተ አናሻግርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እስከ ዘንድሮ ድረስ ቀብድ ስትከፍሉን ገንዘቡ እኛ ዘንድ አያድርም ነበር። ውድድር የሚካሄድባቸው ከተሞች ያሉ ሆቴሎች ከወራት በፊት ክፍያ ይጠይቃሉ፤ አንድ ሌሊት ብቻ አያከራዩም፤ ሦስትና አራት ሌሊት አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ከቀብዱ አብዛኛው ወዲያው ለሆቴልና ለትኬት ይወጣል። የቀረው ለቢሮ ኪራይና ለአራታችን ደመወዝ ይውላል። የሞናኮ ተጓዥ የከፈለው ገንዘብ ጣሊያን ውስጥ ለሚካሄደው የሞንዛ ውድድር ሆቴል የሚከፈልበት ጊዜም ነበር። በሥራችን ውስጥ የተለመደ አሠራር ነው፤ ውድድሩ በየሁለት ሳምንቱ እየተካሄደ ገንዘብ ሲገባ ሲወጣ ችግሩ አይታይም። በማርች ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲል ግን ታየ። መቶ ሰው በአንድ ሳምንት ተመላሽ ሲጠይቀን ሣጥናችን ውስጥ የነበረው ለሃያ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ይህን ሳንሸፋፍን የምንነግራችሁ፣ ገንዘባችሁ በአደራ የተሰጠን ስለሆነ ነው። እንደ አደራ ለብቻው ማስቀመጥ ነበረብን፤ አላደረግነውም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

የወሰድነው እርምጃ ይህ ነው። ከኤፕሪል ጀምሮ አራታችንም ደመወዛችንን በግማሽ ቀነስን። የቢሮውን ኪራይ አቋርጠን ከየቤታችን መሥራት ጀመርን። የድርጅቱ ባለቤት መኪናቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለተመላሽ አዋሉት። የባንክ ብድርም ወስደናል። ቅድሚያ የሰጠነው ሥራ ላጡና ሕመም ለገጠማቸው ደንበኞች ነው፤ ወረፋው ያልተስተካከለ የመሰላችሁ ካላችሁ ምክንያቱ እሱ ነው፤ ዛሬም ቢሆን እንደዚያው እናደርግ ነበር።

ችግሩ የትንንሾቹ ብቻ አልነበረም። የፎርሙላ ዋን የራሱ ገቢ በ2019 ሁለተኛው ሩብ ዓመት 620 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ዘንድሮ በዚያው ጊዜ 24 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ከ1977 ጀምሮ በቤተሰቡ እጅ የቆየው የዊሊያምስ ቡድን በኦገስት ተሽጧል። ከእናንተ መካከል የዊሊያምስ ደጋፊ የሆኑት ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፉት እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችሁ ስለ ተመላሽ ልትጠይቁን ደውላችሁ ስለ ቡድኑ ስታወሩ ነው ስልኩ የተዘጋው።

ይህ ዓመት እንዲሁ የመከራ ዓመት ብቻ ሆኖ እንዲታወስም አንፈልግም። በየእሑዱ በስልክ መስመር ተሰባስበን ያየናቸው ውድድሮች ነበሩ። በኤፕሪል ትራኩ ባዶ ሲሆን አሽከርካሪው ሻርል ለክሌር በኮምፒዩተር ውድድር ሲያሸንፍ አብረን አየን። ጁላይ 5 ቀን ኦስትሪያ ውስጥ ሽፒልበርግ ላይ እውነተኛው ሞተር ሲነሣ አንድ አዛውንት ደንበኛችን “ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ” ብለው ዝም አሉ፤ እስከ መጨረሻው ዙር አልተናገሩም። ኦገስት 2 ቀን አሽከርካሪው ሉዊስ ሃሚልተን በመጨረሻው ዙር ጎማው ፈንድቶ በሦስት ጎማ ሲልቨርስቶንን ሲያሸንፍ ደግሞ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። በዚያ ባዶ ትሪቡን (የተመልካች መቀመጫ) ፊት መኪናው እየተጎተተ ሲያልፍ፣ የእናንተ ጩኸት በስልክ ሲሰማ፣ ለምን ይህን ሥራ እንደምንሠራ ትዝ ብሎናል።

ከትራኩ ውጭም የምንኮራበት ነገር አለ። የመርሰዲስ የሞተር ፋብሪካ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ለኮሮና ሕሙማን አየር በግፊት የሚሰጥ መተንፈሻ መሣሪያ ሠርቷል። ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መጀመሪያው መሣሪያ መቶ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ፒስተንና ተርቦ የተባሉ የሞተር ክፍሎችን ይቀርጹ የነበሩ ማሽኖች ወደዚያ ሥራ ዞሩ፤ 10,000 ያህል መሣሪያ ተመረተ፤ ንድፉም ለሌሎች በነጻ ተሰጠ። ፍጥነት ለምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቃችሁ ዘመድ ይህን ንገሩት።

አንድ ውሳኔያችን ግን አንዳንዶቻችሁን አስቆጥቷል። በኦክቶበር ፖርቱጋል ውስጥ ፖርቲማዎ ላይ እስከ 27,500 ተመልካች እንዲገባ ሲፈቀድ እኛ ጉዞ አላዘጋጀንም። ሃሚልተን በዚያ ቀን 92ኛ ድሉን አግኝቶ የሚካኤል ሹማከርን የድል ብዛት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ እናንተም እዚያ ልትሆኑ ትችሉ ነበር። የቁጭታችሁ ምክንያት ይገባናል። ነገር ግን ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ቦታ ልንወስዳቸው ልባችን አልፈቀደም። በቀጣዩ ሳምንት ጣሊያን ውስጥ ኢሞላ ላይ ትኬት ከተሸጠ በኋላ በሩ ለተመልካች ተዘጋ። ኢስታንቡልም ተመልካች ይገባል ተብሎ ከቆየ በኋላ ያለ ተመልካች ተካሄደ። ውሳኔያችን ልክ ነበር ብለን እናምናለን።

ስለሚቀጥለው ዓመት፦ ለ2021 የወጣው ጊዜያዊ መርሐ ግብር 23 ውድድሮች አሉት፤ የሚጀምረውም ማርች 21 ቀን ሜልበርን ላይ ነው ይላል። እኛ የሜልበርን ጉዞ አንሸጥም። ከጁን በፊት ላለ ለማንኛውም ውድድርም ቀብድ አንቀበልም፤ ስማችሁን ብቻ እንመዘግባለን። ከዚያ በኋላ ለሚደረጉት የምትከፍሉት ገንዘብ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል፤ ተመልካች እንደሚገባ በይፋ ሳይነገር ከዚያ ሂሳብ አንድ ሳንቲም አይወጣም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቅርብ ሆቴሎችን ልናጣ እንችላለን፤ ከትራኩ ራቅ ብላችሁ ማደር ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ዋጋውም ትንሽ ከፍ ይላል። ውሎቻችን ላይም “ውድድሩ ያለ ተመልካች ከተካሄደ ክፍያው ይመለሳል” የሚል አንቀጽ ገብቷል። ይህን አልቀበልም ካለን ሆቴል ጋር አንዋዋልም።

እስካሁን ያልተከፈላችሁ ደንበኞች ከዚህ ደብዳቤ ጋር የቀሪ ሂሳባችሁን ዝርዝር ታገኛላችሁ። ገንዘቡን በሁለት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪና በኤፕሪል መጨረሻ እንከፍላለን። ወደ ሌላ ጉዞ ይዛወርልኝ የምትሉ መብታችሁ ነው፤ ግን እኛን ለመርዳት ብላችሁ አታድርጉት፤ ገንዘቡ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ውሰዱት። ምርጫችሁን እስከ ጃንዋሪ 29 ቀን ጻፉልን። ያልጻፈልን ሰው በጥሬው እንደሚፈልግ እንቆጥራለን።

በመጨረሻ፣ ለሞናኮ ተጓዦች ብቻ። የውድድሩ ትኬት ከመሰረዙ በፊት ስላልደረሰን፣ ከቢሮ ስንወጣ ያገኘናቸው ፖስታዎች የያዙት የአንገት ማንጠልጠያችሁን፣ የጆሮ መድፈኛና ከባቡር ጣቢያው እስከ ትሪቡኑ የሚወስደውን መንገድ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርንበትን ካርታ ነው። የየአንዳንዳችሁ ስም በእጅ ተጽፎባቸዋል። ልንጥላቸው አልቻልንም። የሚፈልግ አድራሻውን ይላክልን፤ በፖስታ ቤት እንልካለን።

ከሠላምታ ጋር

የድርጅቱ ባለቤትና ሦስቱ ባልደረቦች