«ኮፒ» ያዘዘው ተማሪዬና የ«ውጭ ዜጋ ብቻ» ማስታወቂያ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከኋላ ጀምሬ የማነብ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያ፣ ከዚያ የሐዘን መግለጫ፣ ፖለቲካው ቡናዬ ካለቀ በኋላ ነው። ባለፈው ወር የማስታወቂያው ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አየሁ። መሀል ከተማ ያለ የቋንቋ ትምህርት ቤት ለጎልማሳ ኮሪያውያን የእንግሊዝኛ ንግግር የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። ከታች በደማቁ «የውጭ ዜጋ ብቻ» ይላል። የየት አገር የውጭ ዜጋ እንደሆነ አይልም።

እኔ 61 ዓመቴ ነው። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 29 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ላለፉት 6 ዓመታት ደግሞ ማታ ማታ ኮሪያውያንን አስተምራለሁ። አሁን አምስት ናቸው። አንድ የመንገድ ኢንጂነር፣ አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ሁለት ወይዘሮዎችና ፀጉሩ የሸበተ የጨርቅ ነጋዴ። ክፍላችን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለው የወንድሜ ሳሎን ነጭ ሰሌዳዬን ይዤ ገባሁ። ስለዚህ ማስታወቂያው ባይጠራኝም ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ልጄ የሚሆን ነው። ጨዋ ነው፣ ቡና አዘዘልኝ። «ማዘር፣ በእርስዎ ችሎታ ላይ ጥያቄ የለንም። ደንበኞቹ ግን ፈረንጅ ነው የሚፈልጉት» አለኝ። እሺ አልኩ። ቀጥሎ ያለው ነው ያሳቀኝ። ፈረንጁ ተገኝቷል፤ ነገር ግን በሕይወቱ አስተምሮ አያውቅም። «መልመጃውን እርስዎ ቢያዘጋጁለትስ?» አዘጋጀሁለት። 32 ገጽ በእጄ ጻፍኩ። ልጆቼ እስከዛሬ ይቆጡኛል። ምን ላድርግ፣ ቡናውን ጠጥቼበታለሁ።

የ«ፈረንጅ ብቻ» ነገር ከየት እንደመጣ ያስረዳኝ ኢንጂነሩ ነው። ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሰጠው መደበኛ ቪዛ ለሰባት አገር ዜጎች ነው፤ ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለብሪታንያ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። እኔ ሴኡል ብሄድ ክፍል ውስጥ አልገባም ማለት ነው። የራሳቸው አገር ሕግ ነው፣ አልከራከርም። አዲስ አበባ ላይ ግን እንዲህ የሚል ሕግ የለም። እኛው ነን ወደን ያመጣነው።

ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እነዚህ ተማሪዎች ከእንግሊዝኛ ጋር አዲስ አይደሉም። ሰዋስዋቸው ከብዙ አስተማሪ ይበልጣል። በአገራቸው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀን፣ የእንግሊዝኛው ማዳመጫ ክፍል ሲሰጥ ድምፅ እንዳይረብሽ ተብሎ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። እንዲህ ሆኖ የተማረ ሰው ነው እኔ ፊት ተቀምጦ «ትናንት ምን አደረግክ?» ሲባል አንገቱን የሚደፋው። ቃሉ ጠፍቶት አይደለም። ኑንቺ የሚሉት ነገር አላቸው። የቤቱን አየር ማሽተት፣ ሰው ምን እንደተሰማው ከፊቱ ማንበብ። ከእኛ ይሉኝታ ጋር መንትያ ባይሆኑም የአጎት ልጆች ናቸው። ትልቁ ሰው ሳይናገር ትንሹ አይናገርም፤ ትልቁ ደግሞ ትንሹ ፊት መሳሳት አይፈልግም። ውጤቱ ዝምታ ነው። እኔ 29 ዓመት ሙሉ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ዝምታ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝምታ አያስደነግጠኝም።

ነጋዴው አንድ ቀን ፒያሳ ካፌ ገብቶ በእንግሊዝኛ ቡና አዘዘ። ቋንቋቸው «ፍ» የለውም፣ ቡናም በእነሱ አፍ «ኮፒ» ነው። አስተናጋጁ ልጅ በጣም ትሁት ሆኖ በር ድረስ ሸኘውና መንገድ ተሻግሮ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት በጣቱ አሳየው። ነጋዴው ለክፍሉ ሲያወራ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በማግስቱ «ፍ»ን በቡና አስተማርኳቸው። ስኒ አፍ ላይ አስጠግቶ «ፉት» ማለት። የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል፣ ትንፋሽ ይወጣል። ሎንዶን ያደገ አስተማሪ «ፉት»ን ከየት ያመጣል? የእኛ እናቶችም እኮ «ፖሊስ» አቅቷቸው «ቦሊስ» ይሉ ነበር። አፍ ያልለመደውን አይወድም።

ሳድስ ደግሞ ትልቁ ሀብቴ ነው። ኮሪያውያን ሁለት ተነባቢ ተከትሎ ሲመጣ መሀል ላይ ድምፅ ይከታሉ። ያ ድምፅ የእኛው ሳድስ ነው ማለት ይቻላል። «ስትራይክ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል ባንድ ትንፋሽ ታልቃለች፤ እነሱ ጋ አምስት ቦታ ትቆረጣለች፤ ስ፣ ት፣ ራ፣ ኢ፣ ክ። እኛ ደግሞ ከፊት እንለጥፋለን፤ እስኩል፣ እስፖርት፣ እስታዲየም። እነሱ መሀል፣ እኛ ፊት፣ በሽታው አንድ ነው። ሰሌዳ ላይ በፊደል ጻፍኩላቸው። ሳድስ አንዳንዴ ይናገራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፤ እናንተ ሁልጊዜ ታናግሩታላችሁ አልኳቸው። የላብራቶሪዋ ልጅ ፊደላችንን በአንድ ወር ለየችው። የእነሱንም ፊደል ንጉሥ ሴጆንግ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንዳወጣው የነገረችኝ እሷ ናት።

ሁሉንም አውቃለሁ አልልም። የሚያመልጠኝ አለ፣ ምክንያቱም ስህተታቸው የእኔም ስህተት ነው። «ምሳ አልበላህም?» ሲባል እንግሊዛዊ ካልበላ «ኖ» ይላል። ኮሪያዊው «የስ» ይላል፤ «ልክ ነህ፣ አልበላሁም» ማለቱ ነው። እኛም «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። ስለዚህ ለጆሮዬ ምንም አልጎረበጠኝም፣ ሁለት ወር አሳለፍኩት። አንድ ቀን የኢንጂነሩ ኬንያዊ አለቃ በስልክ «ሲሚንቶው አልመጣም እንዴ?» ሲለው «የስ» አለ። አለቃው መጥቷል ብሎ ሠራተኞቹን ጠርቶ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀመጣቸው። በዚያ ሳምንት ሌላ ትምህርት አልነበረም። «የስ» እና «ኖ» ብቻ።

ዕድሜ ደግሞ አንድ ሙሉ ሰዓት ፈጀብን። በመጀመሪያው ቀን ዕድሜዬን ጠየቁኝ። አንዳንድ ፈረንጅ ይህን ነውር ይለዋል። እኔ ገባኝ፤ እኛስ ሰውን አንተ እንበለው እርስዎ ለማወቅ ፀጉሩን አይደል የምናየው? በድሮው የእነሱ አቆጣጠር ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው፣ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ይጨምራል። በፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ ቀን የተወለደ ልጅ በማግስቱ ሁለት ይሞላዋል። በፈረንጆቹ 2023 አንድ ዓይነት አቆጣጠር ይሁን የሚል ሕግ አገራቸው ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። እኔ ደግሞ የእኛን ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ጨመርኩበት። ነጋዴው 63 ነው፣ 64 ነው፣ በእኛ ቢሰላ ደግሞ ስንት ነው? በእንግሊዝኛ ተጨቃጨቁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ዩ» የምትለው ቃል ግን አሁንም አፋቸው ላይ ትከብዳለች። ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ናት። ነጋዴው «ዱ ዩ ዋንት» ማለት ሲያቅተው «ቲቸር ዋንት ኮፊ?» ይለኛል። አማቴን 20 ዓመት አንቱ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ፣ አልቆጣውም። አርመዋለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ።

አንዷ ወይዘሮ ደግሞ መርካቶ ጨርቅ ገዝታ «ሰርቪስ» ስጠኝ ብላ ባለሱቁን ግራ አጋባችው። እነሱ ጋ «ሰርቪስ» ማለት ምርቃት ነው። እኛ ጋ ወይ የሠራተኛ መኪና ነው ወይ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል። እንግሊዛዊው ቢሰማን ለሁለታችንም ይስቃል። ምርቃት የምትለዋን ቃል አስተማርኳት፤ አሁን ያለ ምርቃት አትገዛም።

ስለ ኮሪያ ሲነሳ ሁሉም ቃኘውን፣ ለኮሪያ ጦርነት የዘመተውን ጦራችንን፣ ያነሳል። የእኔ ዘር ውስጥ ኮሪያ የዘመተ የለም፣ በሰው ዝና አልነግድም። ግን አንድ ቅዳሜ አፍንጮ በር ወዳለው የዘማቾች መታሰቢያ ወሰድኳቸው፤ ከሳሎኑ ቅርብ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 እንደሄደ፣ በየተራ ከ6 ሺህ በላይ ሰው እንደዘመተ፣ ከ120 በላይ እንደሞተ አማርኛውን እያነበብኩ በቀላል እንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ነጋዴው ቹንቾን የሚባል ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፣ አጠገቡ በእግሬ እመላለስ ነበር ብሎ ጀመረ። ቆሞ 10 ደቂቃ ያህል ተናገረ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አገጣጥሞ የማያውቅ ሰው! ያለፈ ጊዜ ግሦቹ በሙሉ ተሳስተው ነበር። አንዱንም አላረምኩ።

የእኔ እንግሊዝኛ የንግሥቲቱ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለዚህ ስልኬ ላይ የአሜሪካኑንም፣ የእንግሊዙንም፣ የናይጄሪያውንም፣ የሕንዱንም ንግግር አሰማቸዋለሁ። እንዲያውም የሚጠቅማቸው ይኼ ነው። ኢንጂነሩ ከኬንያዊ ጋር ነው የሚሠራው። የላብራቶሪዋ ልጅ ከሐበሻ ሐኪም ጋር። ነጋዴው ከሕንዳዊ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር። የአፍሪካ ኅብረት ባለበት ከተማ ላይ ቁጭ ብሎ የአንድ አገር አፍ ብቻ መልመድ ምን ይሠራል?

አዘጋጅ ሆይ፣ የእኔ ጥያቄ ትንሽ ነው። «የውጭ ዜጋ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ አስተዋዋቂውን ደውላችሁ ጠይቁት። የማስተማር ልምድ ነው የፈለግከው? የተወሰነ ችሎታ ነው? እሱን ጻፍ በሉት። ፈረንጅ ጥሩ አስተማሪ ከሆነ ያስተምር፣ እኔ ፈረንጅ አልጠላም፤ ከአንዳንዶቹ ብዙ ተምሬያለሁ።

ሥራ አስኪያጁም ይህን ካነበበ፣ ያ 32 ገጽ እስካሁን አልተመለሰልኝም፣ ኮፒውም የለኝ። ገጽ 14 ላይ ስለ «የስ» እና «ኖ» ባለው መልመጃ፣ ሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ተገላብጧል። ፈረንጁ ካላስተዋለው ይታረምልኝ።

ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህርት
ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ