ኮሎኔሉ የት የት ዘመቱ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን አጎቴን ደብረ ብርሃን ቀበርን። ሌተናል ኮሎኔል ነበሩ። ጠባሴ ሰፈር ግን ሰው ሁሉ "ሻለቃ" ነበር የሚላቸው፤ ማዕረጋቸው ማደጉን ሰፈሩ አልሰማም መሰለኝ።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። "በተለያዩ ግንባሮች ተሰልፈው አገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል" ተባለ፣ አለቀ። ሁለት ጦርነት በአንድ መስመር! የልጅ ልጆቻቸው ብዛት ግን በቁጥር ተነግሯል። እናንተ የምታወጧቸው የኀዘን መግለጫዎችም ከዚህ አይሻሉም፤ አትቀየሙኝ።

ጋሼ የሕንድ መኮንኖች ያስተምሩበት ከነበረው ከሐረር ጦር አካዳሚ የወጡ ናቸው። እኔን ግን ጦርነት ያስተማሩኝ በረከቦት ነው። ቡና ሲፈላ ሲኒዎቹን ይደረድሩና "ይሄ ጅጅጋ፣ ይሄ ካራማራ" ይላሉ። ጅጅጋ መስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃለች። ጠላት ከከተማዋ አጠገብ ያለውን የካራማራ ተራራ በር ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ ፊት ለፊት አልተሄደም። ሊረዱን ከመጡት የኩባ ወታደሮች ጋር በሰሜን በኩል ተራራውን ዞሩት፤ ብረት ለበስ ሳይቀር በሄሊኮፕተር ተጭኖ ከጠላት ጀርባ አረፈ። እዚህ ላይ የስኳሯን ማንኪያ አንስተው በሲኒዎቹ አናት ያሻግሯታል። አክስቴ "ኧረ ቡናው ይደፋል!" ትላለች። የካቲት 26 ቀን 1970 ድሉ ተገኘ፤ ጋሼም ቡናቸውን ፉት ይላሉ።

የሰሜኑን፣ ኤርትራ ውስጥ ከሻዕቢያ ጋር የተደረገውን ጦርነት ሲያወሩ ማንኪያዋ አትነሳም። በ1974 የመንግሥት የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሻዕቢያን ምሽግ ናቅፋን መያዝ አቃተው። መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ የሠራዊታችን ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ስለዚያ ስጠይቃቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው "ዛሬስ ብርዱ በረታ" ይላሉ። ደብረ ብርሃን መቼም ብርድ አያጣም፤ ሰበብ አልቆባቸው አያውቅም።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አንድ የሸራ ቦርሳ አንጠልጥለው መጡ። ከዚያ በኋላ የመንዝ በግ እየነገዱ ልጆች አሳደጉ። ይህንንም የሕይወት ታሪኩ አላነሳውም። ነውር ነው እንዴ?

የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። የመኮንን ዜና ዕረፍት ሲመጣላችሁ የነበሩበትን ክፍል፣ የዘመቱበትን ቦታና ዓመቱን ጠይቁ። ቤተሰብ ባያውቅ ጓዶች ያውቃሉ። በቀብሩ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ድንኳን ጥግ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ስለ ናቅፋ ሲጨዋወቱ ሰምቻለሁ። ማይክ የሰጣቸው ግን የለም። ካራማራ ላይ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው እኮ ዛሬ ሰባ ሊደፍን ነው።

ጋሼ በካላንደር ጀርባ የሳሏቸው አራት ካርታዎች እኔ ጋ አሉ። ሦስቱ የካራማራ ናቸው፣ ቀስቱም ቀኑም አላቸው። አራተኛው ላይ አንድ ተራራ ብቻ ነው የተሳለው፤ ስም አልጻፉበትም።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን