ቃሉን መጋጠሚያው ላይ ቁረጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ኖርዌይኛ ለሚማሩ ወገኖቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። «አርባይድስፕላስ» የሚለው ቃል መስመር ሞልቶበት «አርባይድስፕ» ላይ ተቆርጧል፤ «ላስ» ብቻዋን ታች ወርዳለች። አማርኛ የትም ቢቆረጥ አንባቢው አይቸገርም። ኖርዌይኛ ግን እንዲህ አይቻልም። «አርባይድ» ሥራ ነው፣ «ፕላስ» ቦታ። መሐል የገባችው «ስ» ማያያዣ ናት፤ ሁልጊዜም ከፊተኛው ቃል ጋር ትቀራለች። ስለዚህ «አርባይድስ-ፕላስ» ነው የሚባለው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ላልተጣመረ ቃል ደንቡ ቀላል ነው፦ ከአናባቢው በፊት ካሉት ተነባቢዎች አንዷ ብቻ ወደ ታች ትወርዳለች። መወርወር ማለት የሆነው «ካስተ» «ካስ-ተ» ይሆናል። ይህን ደንብ ጥምር ቃል ላይ ካመጣችሁት ያው «ስፕ-ላስ» ይወጣላችኋል። መጀመሪያ መጋጠሚያው ይፈለጋል፣ ክፍለ ቃሉ ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ኦስሎ ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። የሥራ መጠሪያዬ «ሄልሰፋግአርባይደር» ነው። ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ግን ሄልሰ ጤና፣ ፋግ ሙያ፣ አርባይደር ሠራተኛ ነው፣ አለቀ። አዲስ ለሚመጡ ልጆች «ከኋላ አንብቡት» እላቸዋለሁ። የነገሩ ማንነት ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የኖቤል የሰላም ሽልማት የሚሰጥበት የከተማው አዳራሽ «ሮድሁስ» ይባላል፤ ቃል በቃል የእኛው «ምክር ቤት» ነው። ጾታውንም የሚወስነው የመጨረሻው ቃል ነው። «ሁስ» ገለልተኛ ጾታ (ወንድም ሴትም ያልሆነ) ስለሆነ ሮድሁስም፣ ሆስፒታል ማለት የሆነው ሲከሁስም ገለልተኛ ናቸው። ሦስቱን ለየብቻ መሸምደድ ምን አመጣው?

ማያያዣዋ ግን እውነቱን ለመናገር ታናድዳለች። አንዳንዴ «ስ»፣ አንዳንዴ እንደ «ባርነሃገ» (መዋዕለ ሕፃናት) «ኧ» ናት፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለችም። የወይን ብርጭቆ «ቪንግላስ» ነው። ቀይ ወይን ሲሆን ደግሞ «ረድቪንስግላስ» ብሎ «ስ» ይጨምራል። ፊተኛው ክፍል ራሱ ጥምር ሲሆን «ስ» መምጣት ታበዛለች፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ፊደላችን ማጥበቅ ስለማያሳይ የምትሰወር ነገርም አለች። በላቲኑ አውቶቡስ የሚለው «ቡስ» በሁለት «ስ» ያልቃል፣ ማቆሚያ የሚለው «ስቶፕ» በ«ስ» ይጀምራል። ሲጋጠሙ ሦስት መሆን ነበረባቸው፤ አንዷ ትጣልና ሁለት ይጻፋሉ። ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ሲከፈል ግን የተጣለችው ተመልሳ ትመጣለች፦ ሁለቱ ከሰረዙ በፊት፣ አንዷ ከሰረዙ በኋላ።

አላግባብ ነጣጥሎ መጻፍም ጣጣ አለው። ኖርዌጂያኖቹ ራሳቸው ይሳሳቱታል፣ እርስ በርስም ይሳሳቁበታል። «ረይክፍሪት» አንድ ላይ ሲጻፍ ማጨስ የማይፈቀድበት ማለት ነው። ለያይታችሁ በር ላይ ከለጠፋችሁት «እንደልባችሁ አጭሱ» ብላችኋል።

ጽሑፉ ይቀጥላል ስላላችሁ ነው ይህን ሁሉ መዘርዘሬ። በሚቀጥለው ክፍል መጋጠሚያው ላይ ሰረዝ አድርጉልን። መጋጠሚያው ካልታወቀ ቃሉን እንዳለ ወደ ታችኛው መስመር አውርዱት፤ ባዶ ቦታው ይቅር።

አንባቢያችሁ፣ ከኦስሎ