ዘጠኙ ሰዓት የት ሄደ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ነዋሪዎች ብርቅዬ ጭላዳ በጥይት ገደሉ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዜና ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንባቢዎቻችሁም አይታችሁታል። ፎቶውንም አይታችኋል። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ መሣሪያ ይዞ፣ ከሞተችው ጭላዳ አጠገብ የቆመው ሽማግሌ አጎቴ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም። ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ጥር ነው፣ ለሰርግ ከደሴ ወደ ቤተሰቦቼ ወጥቼ ነበር። ስለዚህ ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ።

ብዙ የሚያናድድ ነገር አለው ዜናው። እኔን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያቃጠለኝ። ነዋሪዎቹ ጭላዳዋን የገደሏት «ሰብል እያጠፋችብን ነው» ብለው ነው ትላላችሁ። ማን አላችሁ? ስም የለም። «ነዋሪዎች» ብቻ ነው የሚለው። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ በጥር ማለቂያ በኛ ደጋ ምን ሰብል አለ? ገብሱ ታጭዷል፣ ተወቅቷል፣ ጎተራ ገብቷል። ገለባው እንኳ ተከምሮ አልቋል። የበልጉ ዝናብ ገና አልጣለም። ማሳው ራቁቱን ነው። ይህን ለማወቅ ወሎ ድረስ መምጣት አያስፈልግም፣ አንድ ገበሬ ጋ ደውሎ መጠየቅ ይበቃል። እናንተ ግን አንድም ሰው ጋ አልደወላችሁም።

ሌላው ደግሞ፣ ዜናውን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «መኪና» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ከደሴ ወደ በሽሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው መንገዱን እየተሻገሩ ወደ ግጦሹ ሲሄዱ፣ አንድ ኢሱዙ እየበረረ መጥቶ አንዷን ገጫት። ሊቆም ቀርቶ ፍጥነቱንም አልቀነሰም። እኛ ስንደርስ ወገቧ ተሰብሯል። የኋላ እግሮቿ እንደ ጨርቅ ተከትለዋት ይሳባሉ። በሁለት እጆቿ እየጎተተች ራሷን ከአስፋልቱ አወጣችና ዳር ላይ ተቀመጠች። ሆዷ ላይ ልጅ ተጣብቋል። ትንሽዬ ናት፣ ገና ፀጉሯ ጥቁር ነው።

ጭላዳ ሣር በላተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ በጣቶቿ ሣር እየነጨች ነው የምትውለው። ያቺም ወገቧ ተሰብሮ፣ ከወገቧ በታች በድን ሆና፣ ያንን የደረቀ የጥር ሣር መንጨት ጀመረች። ትነጭና ታየዋለች፣ አፏ አታደርሰውም። ትጥለዋለች። እንደገና ትነጫለች። እስከ እኩለ ቀን እንዲህ ነበረች። ከዚያ በኋላ እጇም ዝም አለ፣ ማቃሰት ብቻ ቀረ። የቀሩት ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው ይጮሃሉ። ስንጠጋ ጥርሳቸውን ያሳዩናል፣ ስንርቅ ይጠሯታል።

እኛስ ምን አደረግን? መጀመሪያ ያደረግነው መደወል ነው። መሣሪያ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሁለት ቢሮ ደወልን፣ ስማቸውን አልጠቅስም። አንደኛው «እንዳትነኳት፣ ብርቅዬ እንስሳ ናት፣ ሕግ አለ፣ ባለሙያ እንልካለን» አለ። ሌላኛው የሌላ ስልክ ሰጠን፤ እሱ ዝግ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ደግመን ደወልን። «መኪና እየፈለግን ነው» ተባልን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያነሳ ጠፋ። እናም እንደተባልነው አልነካናትም። ውሻ እንዳይደርስባት ልጆቹ በዱላ ይጠብቃሉ፣ ሴቶቹ በቆርቆሮ ውኃ አስጠግተው ይመለሳሉ። ግንዛቤ የሌላቸው ያላችኋቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው።

ክርክርም ነበር። ወሎ ነው፣ ሼሁም ቄሱም እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሼሁ «ነቢዩ ስታርዱ እንኳ ቢላችሁን ሳሉ፣ እንስሳውን አታሰቃዩት ብለዋል፤ ይቺን ዝም ብለን እያየን ማዋላችን ምኑ ነው ደግ?» ይላሉ። ቄሱ «ነፍስ የሰጠ እሱ ይውሰድ፣ የኛ ያልሆነውን አንንካ» ይላሉ። አጎቴ ደግሞ ሕጉን ነው የፈራው። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ነው ያለው፣ ፈቃዱን ማጣት አይፈልግም። በልጅነቱ በሬው ገደል ገብቶ እግሩ ሲሰበር አባቱ ሌሊቱን ሳያሳድር እንዴት እንደገላገለው ያወራናል። «በሬ የራሴ ነው፣ ይቺ የመንግሥት ናት» አለ መጨረሻ ላይ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጭላዳዎች ሲመሽ ገደሉ ውስጥ ወርደው ነው የሚያድሩት። እሷ መውረድ አትችልም። ጅቡ ደግሞ በኛ አገር 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጮሃል። ጅብ አንቆ ገድሎ አይበላም፣ ከነሕይወቱ ነው የሚጎትተው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ቄሱ ራሳቸው ናቸው ተነሥተው «ጅቡ ሳይመጣ» ያሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አጎቴ ልጆቹን አራቀ፣ ተጠጋ፣ አንድ ጊዜ ተኮሰ። 12 ሰዓት ነበር። ልጇ ስትሮጥ አፋፉ ላይ አንዲት ሌላ ጭላዳ ወርዳ ተቀበለቻትና ይዛት ገደሉ ውስጥ ገባች።

ከ3 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናንተ የወሰዳችሁት የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው። ሲያልፍ የነበረ ጎረምሳ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ወስዳችሁ የቀረውን ቀን ጣላችሁት።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፣ ምክንያቱም «ሕግ ጥሰዋል» ብላችኋል። ሕግ የሚማር የእህቴ ልጅ ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሎ፣ ለተላለፈ ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት እስር ወይም ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም አስቀምጧል። ጥሩ ነው። እኔም እደግፈዋለሁ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የምትኖርበት አገር የለም። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ፣ እሷማ በሕይወት ያለችው በመቶዎች የምትቆጠር ናት፣ ከነሱም ጥቂቶቹ በኛው በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ይኖራሉ። ማንም መሣሪያ ያለው ሰው እየተነሣ «ታማ አየኋት፣ ገላገልኳት» ይበል ካልን በአምስት ዓመት ውስጥ የሚታመም እንስሳ አይተርፈንም። ይህን አጎቴም ያውቃል፣ ስለዚህም ነው ዘጠኝ ሰዓት የጠበቀው።

ግን ወገቧ የተሰበረች ጭላዳ መንገድ ዳር ስትሰቃይ፣ የሚመጣ ባለሙያ ሲጠፋ፣ ገበሬ ምን ያድርግ? የደወልንላቸው ሰዎች ይህን ከየትም አንቀጽ አንብበው ሊነግሩን አልቻሉም። «አትንኩ» ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ የእንግሊዝን ሕግ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ አላቸው። እዚያም ጥበቃ የሚደረግለትን እንስሳ መግደል ወንጀል ነው። ነገር ግን እንስሳው ክፉኛ ተጎድቶ የመዳን ተስፋ እንዳልነበረው፣ ጉዳቱም በገዳዩ ሕገወጥ ድርጊት እንዳልመጣ ማሳየት የቻለ ሰው አይቀጣም። ማስረዳት ያለበት ገዳዩ ነው። እንዲህ ዓይነት አንድ መስመር ነው የጎደለን። አጎቴ ያንን መስመር ቢሰጡት ሃያ ምስክር ያቀርባል፣ ሼሁንና ቄሱን ጨምሮ።

በሌላ በኩል «የመዳን ተስፋ የለውም» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2012 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ላይ ጥይት የመታው፣ የኋላ እግሩ የተሰበረ ቀይ ቀበሮ ተገኝቶ ነበር። ያየው ሰው ሁሉ አለቀለት ሊል ይችል ነበር። ባለሙያዎቹ ግን ይዘው 51 ቀን አከሙት፣ ተረፈ ብለው ስም አወጡለት፣ ለቀቁት፣ በኋላም ልጆች ወለደ። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ። እዚያ አካባቢ አንድ ሰው ተቻኩሎ ቢተኩስ ኖሮ ያ ሁሉ አይኖርም ነበር። ለዚህ ነው ውሳኔው የሐኪም መሆን አለበት የምለው። የተሰበረ እግር ሌላ ነው፣ የተሰበረ ወገብ ሌላ ነው፣ ልዩነቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ቀበሮ ወይም ውሻ ሲሆንማ የእብድ ውሻ በሽታም አለ፣ መንካቱ ራሱ አደጋ ነው። ጭንቅላቱን መትቶ መግደልም አይረዳም፣ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ ነውና።

ደሴ ያለ የእንስሳት ሐኪም ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «ብመጣ ኖሮ እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው» አለኝ። በመርፌ ቢሆን እንኳ ሬሳውን በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል ግድ ነው፣ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ የበላው ጥንብ አንሳም ጅብም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በዱር ውስጥ፣ ልምድ ባለው ሰው እጅ፣ በቅርበት የተተኮሰ ጥይት የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም በቅድመ ሁኔታ የሚቀበለው መንገድ ነው። አጎቴ ይህን መመሪያ አላነበበም። ያደረገው ግን እሱኑ ነው።

ተፈጥሮ ጣልቃ አይገባባትም የሚሉ አሉ፣ ከዜናችሁ ሥር አስተያየት የሰጠ አንድ ሰውም ይህንኑ ብሏል። ነብር ቢነክሳት ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ነብሩ ይብላ፣ የራሱ ነው። ኢሱዙ ግን ተፈጥሮ አይደለም። መንገዱን የሠራነው እኛ ነን፣ መኪናውን የነዳነው እኛ ነን። የሰበርነውን ትተን ስንሄድ «ተፈጥሮ» የሚለው ስም ከየት ይመጣል?

አሁን አጎቴ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሄዷል። በእግሩ። ዕድሜው 67 ነው። መሣሪያው ተወስዷል፣ እስካሁን አልተመለሰለትም። የሚጠሩት ሰዎች የናንተን ዜና አትመው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «ይኸው፣ ሰብል በላችብኝ ብለህ ነው» ይሉታል። ገጭቶ ያመለጠውን ሾፌር የጠየቀ ማንም የለም፤ በዜናችሁ ውስጥ የለማ። መንደሩ ውስጥ ደግሞ ሰው ሌላ ነገር ማለት ጀምሯል። «ከእንግዲህ የተጎዳ እንስሳ ብናይ አይተን እንዳላየን እናልፋለን» ይላሉ። በመደወላቸው ነው የተቆጩት። ይሄ ነው ከሁሉ የሚያመኝ።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። «ሰብል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጡት። «መኪና» የሚለውን ቃል አስገቡት። የአጎቴን ፎቶ ደግሞ አንሱልኝ፣ ልጅ ልጆቹ በስልክ እያዩት ነው። ከፈለጋችሁ የደወልንበትን ሰዓት በሙሉ ከነስልክ መዝገቡ እልክላችኋለሁ። የአጎቴንም ስልክ ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው ልኬያለሁ። ቀን ማሳ ነው የሚውለው፣ አያነሳም። ከብቶቹን ካስገባ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ደውሉለት።

የእህቱ ልጅ፣ ከደሴ