ለቅዳሜው ውይይት፦ የፍሮዶ ስንብት

ሰላም አባላት፣

ቅዳሜ የምንወያየው በሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሦስተኛ ፊልም፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው «የንጉሡ መመለስ» መጨረሻ ላይ ነው። ፍሮዶ ክፉውን ቀለበት ሊያጠፋ የሚጓዘው ዋና ባለታሪክ ነው። ሲኒማ ቤት የታየው ቅጂ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው። ጊዜ ያጠራችሁ ቀለበቱ ከወደመበት ጀምሩ። እዚያ ስክሪኑ ይጨልምና ብዙ ሰው አለቀ ብሎ ይነሳል፤ ዘውድ መጫኑ፣ ወደ ቤት መመለሱና ፍሮዶ በመርከብ የሚሰናበትበት ወደብ ግን ገና ናቸው። «አላልቅ አለ» የሚለው ወቀሳም ከርዝመቱ ይልቅ ከእነዚህ መጨለሞች የመጣ ይመስለናል።

መጠጥ ቤቷን እንዳትዘሉ! አራቱ ጓደኛሞች ዝም ብለው ሲጠጡ የሰፈሩ ሰው ዓይን አንድ ግዙፍ ዱባ ላይ ነው። ዓለምን አድነው የመጡትን ከቁም ነገር የቆጠራቸው የለም። የፍሮዶ መሄድ ወደቡ ላይ ካለው ለቅሶ በላይ እዚህ ይገባል።

መጽሐፉን ላነበባችሁ፦ በመጽሐፉ አራቱ ሲመለሱ አገራቸውን ሻየርን የሚያገኟት በክፉው ጠንቋይ በሳሩማን ሰዎች ተመዝብራ ነው፤ ተዋግተው ያስለቅቋታል። ፊልሙ ይህን ስለተወው ቁስሉ የፍሮዶ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከተወጋ አራት ዓመት እንደሆነውና ዛሬም እንዳልሻረለት ለጓደኛው ለሳም የሚነግርበትን ቦታ ልብ በሉ። በመጽሐፉ መርከቡ ላይ የሚወጣው ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው።

የሳሩማን አሟሟት ያለው በረጅሙ ቅጂ ብቻ፣ ያውም መጀመሪያው አካባቢ ነው። የትኛውን ቅጂ እንዳያችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ አለዚያ ክርክሩ አይገናኝም። ጥያቄ ያላችሁ እስከ ዓርብ ማታ ላኩልን።