ሲዲው ቁምሳጥን ላይ ነው

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር አለመጻፌ ያሳፍረኛል፤ አውፍ በይኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጦሳ ተራራ ዛሬም ጉሙን ለብሷል፤ የደሴን ብርድ መቼም አትረሺውም።

የላክሽው ዕቃ ደርሶኛል። ልጁ ፕሌይስቴሽኑን ሲያይ የሆነውን ብታይ! ካርቶኑን አቅፎ ነው ያደረው። አላህ ይስጥልኝ። ግን ካንቺ የምደብቀው ስለሌለኝ ልንገርሽ። ከሁለቱ የድብድብ ጌም ሲዲዎች ቴከንን ሰጥቼዋለሁ። ሞርታል ኮምባት ግን ቁምሳጥን ላይ ነው።

ሽፋኑ ጥግ ላይ 17+ ይላል፤ እሱ ገና 10 ዓመቱ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቼ ግን አይደለም። ባለፈው ከትምህርት ቤት ሲዘገይብኝ ፈልጌ ፈልጌ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት አገኘሁት። አንድ አግዳሚ ላይ ሰባት ልጅ ተደርድሯል። የጆይስቲኩ ምልክቶች በእጅ ብዛት ጠፍተዋል። ቲቪው ላይ ይሄው ሞርታል ኮምባት ተከፍቷል፤ አንዱ ተሸንፎ እየተንገዳገደ ቆመ። ያኔ «ጨርሰው!» የሚል የእንግሊዝኛ ድምፅ ወጣ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ያዙ። ቀጥሎ ያየሁትን መጻፍ ይከብደኛል። አጥንት ሲሰበር እንደ ራጅ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

የተሸነፈውን እንዲህ መግደሉን «ፋታሊቲ» ይሉታል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ጀምሮ የነበረ ነው። ያኔ አንዱ ተጫዋች የተሸነፈውን ጭንቅላት ከነአከርካሪው ይነቅል ነበር። እናንተው አገር አሜሪካ ጉዳዩ በ1993 ሴኔት ድረስ ደርሶ፣ በማግስቱ ዓመት ነው ይሄ ሽፋን ላይ የሚለጠፈው የዕድሜ ምልክት የመጣው።

አጎቱ «ጌም እኮ ነው፣ ማን በጌም ገዳይ ሆነ?» ይለኛል። እኔም ገዳይ ይሆናል አላልኩም። ወንድሞችሽ ሜዳ ላይ ሲታገሉ ትዝ ይልሻል? ጀርባው መሬት ከነካ አለቀ። የወደቀ አይመታም። እዚህ ጌም ላይ ግን ዋናው ደስታ የሚጀምረው ሰውየው ከተሸነፈ በኋላ ነው። እኔን ያልዋጠልኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ጥቅምት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ በኮምቦልቻ በኩል ከተማውን ለቀን ስንወጣ 6 ዓመቱ ነበር። መንገዱን ሙሉ እጁ ከጆሮው አልወረደም። አሁንም የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ፊቱ ይለዋወጣል። የዚያን ቀን ጌም ቤት ውስጥ ግን ያንን ሁሉ ሲያይ ምንም አልመሰለውም። ከጩኸቱም ከደሙም በላይ እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

ቴከንም 13+ ነው የሚለው፤ አውቃለሁ። በሱ ግን አላከረርኩም። ቡጢና እርግጫ ነው፤ ተሸናፊው ይዘረራል፣ ያበቃል። ብቻ አጠገቡ ሳልቀመጥ አይከፍትም። እኔም እየለመድኩት ነው።

ስጦታሽን መለስኩ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ሲዲውን አልሸጥኩትም፣ ለሰውም አልሰጠሁም። ስሙን ጽፌበት አስቀምጬለታለሁ።

ቅዳሜ ማታ፣ እናንተ ጋ ቀን ሲሆን፣ ደውይልን። ራሱ ሊያመሰግንሽ ይፈልጋል። ቴከን ላይ ድብ አለ፤ በድቡ እንዴት እንደዘረረኝ ሳይነግርሽ ስልኩን አይሰጠኝም።

የዘወትር እህትሽ፣
ከደሴ