ሰማያዊዋ ቦታ

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ገጻችሁ የወጣውን፣ ቫይታሚን የደም ሥርን ከ«ዝገት» ያድናል የሚለውን ጽሑፍ ታላቅ ወንድሜ ቆርጦ በኪሱ ይዞት መጣ። ሁለት ብልቃጥ ክኒንም ገዝቷል። የደም ግፊት መድኃኒቱን ግን ትቶታል። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው።

እኔ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። 19 ዓመት ሙሉ የሰው አንገት ላይ ጄል እየቀባሁ ወደ አንጎል የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ፣ ካሮቲድን፣ ስመለከት ኖሬአለሁ። ቧንቧው ከመንጋጋ በታች ለሁለት ይከፈላል። ከመከፈሉ በፊት፣ ቀጥ ባለው በኩል፣ ደሙ በስክሪኑ ላይ ወጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። መገንጠያው ጋ ሲደርስ ቧንቧው ሰፋ ይልና ከውጨኛው ግድግዳ ጥግ አንዲት ሰማያዊ ቦታ ብልጭ ትላለች። ማሽኑን የምናስተካክለው ወደ ላይ የሚሄደውን ደም ቀይ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ሰማያዊ አድርጎ እንዲያሳይ ነው። ስለዚህ እዚያ ጥግ ደሙ ዞሮ ይመለሳል ማለት ነው። በሽታ አይደለም፤ በ20 ዓመት ጤነኛ ወጣትም ላይ አያታለሁ። በ60 እና በ70 ዓመት ሰው ላይ ግን የስብ ክምችቱን ብዙውን ጊዜ የማገኘው እዚያችው ቦታ ላይ ነው።

ደሙ እኮ አንድ ነው። ኮሌስትሮሉም፣ ስኳሩም፣ የሲጋራው መርዝም በሁለቱም ቦታ ያልፋል። ታዲያ ግድግዳው እዚህ ታሞ እዚያ ለምን ዳነ? ጽሑፋችሁ ያልነካው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ፍሰቱ ነው።

ቧንቧውን ከውስጥ የሚያለብሱት ሕዋሳት አንድ ረድፍ ብቻ ናቸው። ደሙ ሲያልፍ የሚፈትጋቸውን ኃይል ያውቁታል። ወደ አንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ ሲፈስ ወደ ፍሰቱ ረዘም ብለው ይተኛሉ፣ ቧንቧውን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመርታሉ፣ ሱፐርኦክሳይድ የሚባለውን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት የሚያመክኑ ኢንዛይሞቻቸውንም ያበዛሉ። (የናይትሪክ ኦክሳይድን ሥራ የገለጡት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።) ደሙ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ግን እነዚያው ሕዋሳት ራሳቸው ሱፐርኦክሳይድ ማምረት ያበዛሉ። ሱፐርኦክሳይዱ ናይትሪክ ኦክሳይዱን እየበላ ፐርኦክሲናይትራይት የሚባል ጎጂ ነገር ይወጣዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራ የነበረው ኢንዛይም የሚያግዘው ንጥረ ነገር ተበላሽቶበት እሱም ሱፐርኦክሳይድ ወደ ማምረት ይዞራል። ኦክሲዳቲቭ ስትረስ የምንለው ይህንን ነው። ከውጭ የመጣ ዝገት አይደለም።

ክኒኑም የማይደርስበት ለዚህ ነው። ሱፐርኦክሳይድ ከናይትሪክ ኦክሳይድ ጋር የሚዋሃደው ከቫይታሚን ሲ ጋር ከሚዋሃድበት ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። በሰው ላይም ተሞክሯል። በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ጥናት 20,536 ሰዎች ተካፍለው፣ ገሚሶቹ ለአምስት ዓመት ያህል በየቀኑ ቫይታሚን ኢ፣ ሲና ቤታ ካሮቲን ወሰዱ። ድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ ስትሮክ አልቀነሰላቸውም። ጽሑፋችሁ ይህን ቢጠቅስ ኖሮ ወንድሜ ገንዘቡንም መድኃኒቱንም ባላጣ ነበር።

የመገንጠያውን ቅርጽ ማንም አይለውጠውም። ፍሰቱን ግን እንለውጠዋለን። ለሦስት ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ የተቀመጠ ሰው የእግሩ ደም ሥር የመስፋት ችሎታው ይቀንሳል፤ በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀስ ብለው የተራመዱት ላይ ግን ይህ አልታየም። ለወንድሜ ይህን ነግሬው የራሱን አንገት በስክሪኑ ላይ አሳየሁት። ሰማያዊዋን ቦታ በጣቱ እየነካ ዝም ብሎ ቆየና «መድኃኒቴን ዛሬውኑ እጀምራለሁ» አለኝ።

የእናንተን ጋዜጣ በኪሱ የያዘ ሌላም ሰው ይኖራል። እባካችሁ በሚቀጥለው ዕትም፣ በዚያው ገጽ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ትቶ ቫይታሚን የጀመረ ሁሉ ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ በጉልህ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የአልትራሳውንድ ባለሙያ